«እኔ ነኝ ያላወቅኩበት»

ነሐሴ 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲቲባንክ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ባንክ አንድ ተራ ሥራ ነበረበት። ሬቭሎን ለተሰኘው የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ገንዘብ ላበደሩ ድርጅቶች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ማከፋፈል። ዋናው ብድር የሚመለስበት ቀን ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። በዚያ ቀን ግን ከባንኩ ወደ 894 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ ሄደ። ወለዱም ዋናውም ተከፈለ፤ ያውም ዋናው ከሬቭሎን ሳይሆን ከባንኩ ከራሱ ገንዘብ።

ሌባ አልገባም። ሥራው በአንድ ሰው እጅ ብቻም አልነበረም፤ አንዱ ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ያጣራል፣ ሦስተኛው ያጸድቃል። ሦስቱም በየተራ አይተው ልክ ነው አሉ። ክፍያው የሚሠራበት ፍሌክስኪዩብ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ዓይነቱ ወለድ ጠማማ መንገድ ነበረው፤ ብድሩ በሙሉ እንደተከፈለ አድርጎ መመዝገብ፣ ከዚያ ዋናውን ገንዘብ ወደ ባንኩ የውስጥ ሒሳብ ማዞር። ገንዘቡ እውስጥ እንዲቀር ደግሞ ሦስት ሣጥኖች ላይ ምልክት መደረግ አለበት፤ «ፕሪንሲፓል»፣ «ፈንድ» እና «ፍሮንት»። ሠራተኞቹ ምልክት ያደረጉት «ፕሪንሲፓል» ላይ ብቻ ነው። ቢፈርዱባቸው ይከብዳል። ማስቀረት የፈለጉት ዋናውን ገንዘብ ነው፤ የሣጥኑም ስም ዋና ገንዘብ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማያው ላይ ምንም አይነግራቸውም።

ከመላኩ በፊት ማስጠንቀቂያ ወጥቷል፤ ገንዘብ ከባንኩ ውጭ ሊላክ ነው፣ ይቀጥሉ ወይ የሚል። ወለዱ መቼም ከባንኩ ውጭ መላክ ስላለበት፣ ያጸደቀው ሰው ያየው የጠበቀውን ነው። ስንት ገንዘብ እንደሚወጣ ማስጠንቀቂያው አልጻፈም። በማግስቱ ጉዱ ሲታይ መጀመሪያ የተጠረጠረው ሲስተሙ ነበር፤ ሲመረመር ግን የታዘዘውን አንድ በአንድ ፈጽሟል። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ አንመልስም ያሉትን አበዳሪዎች ባንኩ ፍርድ ቤት አቆማቸው። በየካቲት 2013 ተረታ፤ በይግባኝ ያሸነፈው በጳጉሜን 2014 ነው።

ፕሮግራመሮች ባግ የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ባግ ያለበት ሶፍትዌር የታዘዘውን አያደርግም። የአጠቃቀም ችግር ያለበት ሶፍትዌር ግን የታዘዘውን ያደርጋል፤ የማያደርገው ሰውየው ያዘዘ የመሰለውን ነው። ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው ይልቅ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ደህና ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ ሰውየው ላይ ያርፋል። ሰውየውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላል።

መገናኛ አካባቢ ካሉት የሞባይል መለዋወጫ ሱቆች ባንዷ ደጃፍ ለተወሰነ ጊዜ የቆመ ሰው ጥፋቱን እንዲህ ሲቀበሉት በጆሮው ይሰማል። ሱቋ የምትሸጠው የስልክ ልባስ፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ነው። ወደ መስኮቷ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ግን ምንም አይገዙም። ስልካቸውን ይዘረጋሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ለዚያች ልጅ አምስት መቶ ብር ላክልኝ።»

«እሺ እማማ፤ ሚስጥር ቁጥሯን እርስዎ ይጫኗት።»

«ምን ቸገረኝ፣ አንተው ጫናት። አንድ ሁለት...»

ልጁ ፊቱን ወደ መደርደሪያው ያዞራል። ቁጥሩን እንዳይሰማ የሚያደርገው ነገር የለም፤ መንገደኛውም ሰምቷል። ላከላቸው። አመሰገኑት፣ መረቁት፣ ሲሄዱ ደግሞ የተለመደችውን ጣል አደረጉ፦ «መቼስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት እንጂ፣ ሰው ሁሉ ይሠራበታል።»

ሰው ሁሉ አይሠራበትም። ሰው ሁሉ እዚያች መስኮት ጋ ተሰልፏል። ለእኔ ከተማው ውስጥ የአጠቃቀም ችግር የሚታይባት ከዚህች መስኮት የተሻለች ቤተ ሙከራ የለችም፤ ከሚመለከታቸው ሰዎች መካከል መጥቶ የቆመ ግን ልጁ አያስታውስም። ቅሬታ ሆኖ የሚመዘገብ ነገርም የለም፤ ገንዘቡ ተልኳልና። በገንዘብ መላኪያው ድርጅት መዝገብ ላይ እማማ የተሳካ ዝውውር ያደረጉ ደንበኛ ናቸው። ቢሮ ሄደው ቢጠይቁም ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛሉ። ችግሩ የድርጅቱ ሲሆን «ሲስተም የለም»፤ ችግሩ የእሳቸው ሲመስል «አላወቁበትም»። ሁለቱም ወሬውን ይዘጋሉ።

ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚከፈተው ማውጫ በአንድ ጊዜ ማሳየት የሚችለው በላቲን ፊደል 182 ሆሄ፣ በግዕዝ ፊደል ግን 80 ብቻ ነው። አንዱ ፊደላችን የላቲኑን የሁለት ያህል ድምፅ ስለሚይዝ ጉዳቱ ቁጥሩ እንደሚመስለው አይከፋም፤ ቢሆንም ማውጫው ይቆራረጣል፣ «ቀጣይ» ይበዛል። አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ የሚወስድበት ሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳለ መስመሩ ይዘጋና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መፍትሔው አዲስ ቴክኖሎጂ አይደለም። ሰው በብዛት የሚፈልገውን ከፊት ማምጣት፣ የማይፈልገውን ከማውጫው ማውጣት ነው። «ስለ እኛ» የሚል ምርጫ እዚያ ምን ይሠራል?

* * *

ጥፋቱን ከሰው ላይ አንሥቶ ዕቃው ላይ የማየት ልማድ በኮምፒውተር አልተጀመረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን ቦምብ ጣይ የሚያበሩ አሜሪካውያን በሰላም ካረፉ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ሳለ፣ ጎማውን ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። ሪፖርቱ ላይ «የአብራሪ ስሕተት» ይጻፋል። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያጣራ ሲጠየቅ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሲ-47 የተባለውን አውሮፕላን የሚያበሩት ይህን አይሠሩም። ስለዚህ ወደ ቢ-17 መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቶ አየ። ጎማውን የሚያጥፈውና የክንፉን ፍላፕ የሚያነሣው ማብሪያ ጎን ለጎን ነበሩ፤ መልካቸውም አንድ ነው። ከውጊያ የተመለሰ፣ የደከመ ሰው ፍላፑን አነሣሁ ብሎ ጎማውን ያጥፋል። ቻፓኒስ በአንደኛው ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በሌላው ላይ የክንፍ ቅርጽ አስለጠፈ። በእጅ ዳሰሳ የሚለዩ ሆኑ። ዛሬም የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ የጎማው ማንሻ ጫፍ ላይ ክብ ጎማ የሚመስል እጀታ አለ።

ፖል ፊትስ እና ሪቻርድ ጆንስ በ1947 እ.ኤ.አ. 460 የአብራሪ ስሕተት የተባሉ አጋጣሚዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ተመሳሳይ ስሕተት በተመሳሳይ ቦታ እየተደጋገመ አገኙት። ሰዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ የሚያደርጋቸው መሣሪያው ነው።

አዋቂነትም አያድንም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዜሮክስ አረንጓዴ ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃል እየተባለ የሚነገርለት የፎቶ ኮፒ ማሽን ነበረው። የኩባንያው የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበረችው ሉሲ ሳችማን ሁለት ሰዎች በማሽኑ በወረቀት ፊትና ጀርባ ላይ ለማባዛት ሲታገሉ በቪዲዮ ቀረጸቻቸው። ከሁለቱ አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናት መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ፣ አለን ኒውዌል ነው። አብሮት ያለው ሮን ካፕላን የተባለ የቋንቋና የኮምፒውተር ተመራማሪ ነው። ማሽኑ አሸነፋቸው። ቪዲዮውን ያየ ሰው «ተጠቃሚው አልተማረም» ለማለት አፉ አይደፍርም።

* * *

ችግሩን ማግኛው መንገድ እጅግ ቀላል ይመስላል። ሰው አስቀምጦ ሥራ ይሰጡታል፤ እየሠራ ያሰበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠይቁታል፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ከባዱ ዝምታው ነው።

አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ገንዘብ መላኪያ አፑን ሲያስፈትን ተቀምጬ አይቻለሁ። ጠረጴዛው ፊት ለፊት በንግድ የሚተዳደሩ እናት፣ ከጎናቸው ጠያቂዋ፣ ከኋላ አፑን የጻፈው ወጣት። እናትዮዋ የራሳቸውን ስልክ ነው የያዙት፤ ትንሽ ናት፣ ጽሑፏም እንዲጎላ ተደርጓል። ገና ሲጀምሩ «እኛ የምንፈትነው አፑን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም» ተባሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያመኑ አይመስለኝም። ተቀባይ መረጡ፣ 500 ጻፉ፣ ከዚያ ቆሙ።

«አሁን ምን ይታይዎታል?» አለች ጠያቂዋ።

«ቁጥሮች።»

«ቀጥሎስ ምን ማድረግ ፈለጉ?»

«መላክ ነበር እንግዲህ... ጥሩ ነው፤ በጣም ቆንጆ ነው የሠራችሁት። እኔ ነኝ ያላወቅኩበት።»

ወጣቱ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል ጠያቂዋ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አስቀመጠችው። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከቁጥር መጻፊያው ሥር ተሸፍኗል። በእሱ ትልቅ ስልክ ላይ ሁለቱም ይታያሉ፤ አፑን ከጻፈ ጀምሮ ይህን ገጽ በትንሽ ማያና በጎላ ጽሑፍ አላየውም። እናትዮዋ ጥቂት ታግለው ስልኩን በጎን ቁልፉ አጠፉት፣ መልሰው አበሩት። መጻፊያው ተሰውሮ ቁልፉ ብቅ አለ። «እንዲህ ሲያደርገኝ አጠፋዋለሁ» አሉ፤ ከሌላ አፕ የተማሩት ዘዴ ነው።

እዚህ አገር ይህን ሥራ የሚያከብደው ይሉኝታ ነው። ጮክ ብሎ ማሰብ የሚባለው ዘዴ ሰው ያልወደደውን ይናገራል ብሎ ይነሣል። እኛ ግን የሰው ልፋት በፊቱ አናጣጥልም፤ ቡና ከተጋበዝን በኋላማ ጭራሽ። ስለዚህ የሰዎቹ ቃል «ጥሩ ነው» እያለ ጣታቸው ሌላ ይናገራል። ጠያቂዋ ሁለት ብልሃት ነበራት። አንደኛው አፑን እሷ እንዳልሠራችው አስቀድማ መናገር ነው። ሁለተኛው በመጨረሻ ላይ የመጣች ጥያቄ ናት፦ «ይህን አፕ ጎረቤትዎ ልትጠቀም ብትፈልግ ምን ብለው ያስጠነቅቋታል?» ለራሳቸው ሲሆን ቅሬታ የሌላቸው ሴት ለጎረቤታቸው ሲሆን ዘረዘሩት። ዜሮው ይምታታል፤ አምስት ሺህና ሃምሳ ሺህ አይለይም። የምትልኪለትን ሰው ስም አስቀድሞ አይነግርሽም። «ሰርዝ» ያልሽ እንደሆነ ገንዘቡን ይሁን የሰውየውን ስም የሚሰርዘው አይታወቅም።

ስንት ሰው ቢፈተን ይበቃል ለሚለው የታወቀ መልስ አለ። ያኮብ ኒልሰን እና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶ ያህሉን ችግር ያጋልጣል፤ ተደጋጋሚው ሲቀነስ አምስት ሰው ወደ 85 በመቶ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሃምሳ ሰው ሰብስቦ አንድ ጊዜ ከመፈተን አምስት ፈትኖ፣ አስተካክሎ፣ ሌላ አምስት መፈተን ይሻላል። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሰዎቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ነው። ከአንድ ፎቅ የተጠሩ አምስት የኮምፒውተር ምሩቃን የእናትዮዋን ችግር አያገኙትም፤ ሃምሳ ቢሆኑም አያገኙትም።

አንዳንዱ ችግር ደግሞ ልክ ስለሚመስል ማንም አይጠቁመውም። ስልክዎን ወደ አማርኛ ቀይረው በአሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ቢያስቀምጡት በብዙ ስልኮች ላይ ጠዋት የሚመጣው «8:00 ጥዋት» የሚል ነው። በእኛ ቆጠራ ጠዋት ስምንት ሰዓት የሚባል ስለሌለ ሰው ያውቅበታል፤ ሁለት ሰዓት ለማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለማታ ሁለት ሰዓት የተሞላው ማስታወሻ ግን «8:00 ከሰዓት» ብሎ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት አለ፤ ምሳ ከተበላ በኋላ ያለው ነው። ስድስት ሰዓት የሚያህል ልዩነት ምንም ሳይጎረብጥ ያልፋል። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛው ሳይመልሱ የቀኑን ክፍል ብቻ አማርኛ ማልበስ ጭራሽ ካለመተርጎም የባሰ ነው። መፍትሔው ግን አማርኛ የመረጠን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት መገልበጥም አይደለም። ዋሽንግተን ያለው አማርኛ አንባቢ ሥራ የሚገባው በአገሩ ሰዓት ነው። ቋንቋና ሰዓት ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ሆነው መቀመጥ አለባቸው፤ ቀጠሮና ትኬት ላይ ደግሞ ሁለቱም ሰዓቶች ጎን ለጎን ቢጻፉ ቦታ አያጣብቡም።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩም ብዙ ማለት ይቻላል፤ ጳጉሜን ስለማይቀበለው ቅጽ፣ 1982 ብሎ የትውልድ ዓመቱን ሞልቶ ሰባት ስምንት ዓመት ስለሚያረጀው ሰው። ይህን አንባቢ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

* * *

ከፈተናው በኋላ ያለው ስብሰባ ብዙ ጊዜ ቀልብ የሚገዛ አይደለም፤ ትልቁ ውሳኔ ያለው ግን እዚያ ነው። የተገኘው ችግር ሁሉ በአንድ ጊዜ አይታረምም። ኒልሰን ችግሮችን ከ0 እስከ 4 የሚመዝንበት ሚዛን አለው፤ የሚጠይቀውም ስንት ሰው ያጋጥመዋል፣ ሲያጋጥም ምን ያህል ይጎዳል፣ አንዴ ከታወቀ ሰው ያልፈዋል ወይስ ሁልጊዜ ያደናቅፋል የሚለውን ነው። ያየሁት ቡድን መጀመሪያ ሊያስተካክል የተነሣው የአርማውን ቀለም ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አልወደዱትም። ጠያቂዋ የእናትዮዋን ቪዲዮ ከፈተች። ስለ ቀለሙ ያነሣ ሰው አልነበረም ከዚያ በኋላ።

«ቀጥል» ከቁጥር መጻፊያው በላይ ወጣ። ዜሮዎቹ በነጠላ ሰረዝ ተለዩ፤ ከሥራቸው ገንዘቡ በፊደል ተጻፈ፣ «አምስት ሺህ ብር» ተብሎ። የተቀባዩ ስምና የገንዘቡ ልክ ከመላኩ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አብረው ታዩ። በሲቲባንክ ማስጠንቀቂያ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። ለወጣቱ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይጨመር ያለም ነበር። ርካሽ ስለሆነ ሁሉም የሚሮጥበት መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። ሰው በቀን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውን ሳያነብ «አዎ» ይላል፤ በተለይ እርግጠኛ ሲሆን። የሚሳሳተው ደግሞ እርግጠኛ ሲሆን ነው። ጂሜይል ለዚሁ ችግር ሌላ መንገድ ሄዷል። በ2009 እ.ኤ.አ. ለሙከራ፣ በ2015 ለሁሉም የቀረበው የተላከ ደብዳቤ መመለሻ ደብዳቤውን ከመንገድ አይመልስም፤ መጀመሪያውንም አልላከውም። ላኩት ካሉት በኋላ ከ5 እስከ 30 ሰከንድ ይዞት ይቆያል። ሰው ስሕተቱ ብልጭ የሚልለት ቁልፉን በተጫነ ቅጽበት ነውና ያቺ ጊዜ ትበቃዋለች።

መመለሻ የሌለው ነገር ምን እንደሚመስል ሃዋይ አይታዋለች። ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ የነዋሪዎቹ ስልኮች የሚሳይል ጥቃት እየመጣ ነው፣ ልምምድ አይደለም የሚል መልእክት ደረሳቸው። ሠራተኛው ልምምዱን እውነት መስሎት ነበር የላከው። ስሕተትነቱ ወዲያው ታወቀ፤ ማስተባበያውን ለመላክ ግን 38 ደቂቃ ፈጀ፤ «ሐሰት ነበር» የሚል መልእክት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አልተቀመጠምና። የሃዋይ ገዥ እንኳ በኋላ እንደተናገሩት ማስተባበያውን የሚለጥፉበትን የትዊተር መግቢያቸውን አላስታወሱም ነበር። ከዚያ በኋላ መላኩ የሁለት ሰው ፈቃድ እንዲጠይቅ ተደረገ፤ መሰረዣ መልእክትም ተዘጋጀ።

* * *

አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ።

«እናቴ፣ ስምዎ እዚህ የለም።»

«ባለፈው ግንቦት መጥቼ ነበር'ኮ፤ እዚሁ ነው ካርድ ያወጣሁት።»

«ደግሜ አየሁት፣ የለም። አዲስ ላውጣልዎት?»

ስማቸው ግን አለ። የአባታቸው ስም ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ባለፈው የጻፈው ሠራተኛ በ«ኃ» ጻፈው፣ የዛሬዋ በ«ሀ» ፈለገችው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር በየራሳቸው ቁጥር የተመዘገቡ የተለያዩ ሆሄያት ናቸው። ይህ አንድ ስም ብቻ ሲቆጠር፣ ለመጀመሪያው ድምፅ ስድስት ሆሄ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ ለ«ሥ» ሁለት፣ ለ«ሴ» ሁለት፤ ተያይዞም ተነጣጥሎም ይጻፋል። አርባ ስምንት ዓይነት አጻጻፍ ይሆናል፤ «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ ሲያጥር ገና አልተቆጠረም። ፍለጋው ከአርባ ስምንቱ አንዱን ብቻ ይቀበላል፣ ለሌላው ሁሉ መልሱ «አልተገኘም» ነው።

ማረሚያው የታወቀ ነው። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ማስቀመጥ፤ ከጎኑ ለማንም የማይታይ ሁለተኛ ቅጂ ማኖር፣ በዚያ ቅጂ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ መመለስ፣ ክፍተቱንና እዝባሩን ማንሣት፤ የተፈለገውንም ስም እንዲሁ አድርጎ ማመሳከር። የሚታየውን ስም መንካት ግን ነውር ነው፤ በ«ፀ» የተጠመቀች ፀሐይ በ«ጸ» እንድትጠራ ማንም አላዘዘም። እንዲያም ሆኖ ሁሉን አይሸፍንም። «አብርሃም» እና «አብረሃም» በዚህ አይገናኙም፤ ለእነሱ የተቀራረቡ ስሞችን ዘርዝሮ ከዕድሜና ከአድራሻ ጋር ለሠራተኛዋ ማሳየት ያስፈልጋል።

ፍለጋው ነገ ቢስተካከል እንኳ እስከ ዛሬ «አልተገኘም» እየተባለ የወጡት ካርዶች አሉ። እኚህ እናት ሁለት ካርድ አላቸው፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው የተጻፈው በግንቦቱ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ለማሽን ብቻውን አይሰጥም፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ማዋሐድ አንዱን ሰው ለሁለት ከመክፈል ይብሳል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስም፣ ዕድሜ፣ የእናት ስም፣ ቀበሌና ስልክ እያመሳከረ፣ ሲጠራጠር ባለ ካርዷን እየጠየቀ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የተመደበ ሰው የለም።